የቦራ ማርን ማስታወቂያ ማን ወሰደው?

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ፣ እመቤት ሱቋ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እየመታች ትጮሃለች።

«ተዘረፍኩ ኢንስፔክተር! ራቁቴን አስቀሩኝ!»

እውነቱን ለመናገር ሁለት ሹራብና አንድ ወፍራም ጋቢ ደርባ ነበር። ሱቋም አልተነካም። ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነው፤ የማር ብልቃጦቹም መደርደሪያቸው ላይ እንደተሰለፉ ናቸው። የጠፋው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ከበሩ በላይ የተሰቀለው አዲሱ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር ስሜነሽ እባላለሁ። የሞጣ ልጅ ነኝ። እንጅባራ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ብርዱን እስካሁን አልለመድኩትም፣ ሰዉን ግን ወድጄዋለሁ። እዚህ ከተማ የሚሰረቀው በግ፣ ስልክና አልፎ አልፎ የሰው ልብ ነው። ማስታወቂያ ተሰረቀ የሚል አቤቱታ ግን በሥራ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም።

ሳጅን ይሄነው ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ይሄነው የአዲስ ቅዳም ልጅ ነው፤ በአገውኛ ያስባል፣ በአማርኛ ሪፖርት ይጽፋል፣ በሁለቱም አይቸኩልም። ብዙ ጊዜ ትክክል መሆኑ ያናድደኛል።

«ብሎኖቹስ?» አልኩት።

«እዚህ ናቸው።» የመስኮቱ ደፍ ላይ ስምንት ብሎኖች በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «አንድም አልጎደለም።»

«ብሎን ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?»

«እናቱ በደንብ ያሳደገችው ነው» አለ ይሄነው።

ማስታወቂያው የተሰቀለው ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። መሬቱን ውርጭ መትቶታል፤ መሰላል ቢቆምበት ሁለት ጉድጓድ ይተው ነበር። ምንም የለም። ያገኘነው ትኩስ የፈረስ ፋንድያ ብቻ ነው። በእንጅባራ የፈረስ ፋንድያ ማስረጃ ከሆነ ግማሹ ከተማ ይታሰራል ብዬ አለፍኩት። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር።

«ሌሎቹንም እዩልኝ!» አለች እመቤት። «ሁለት ባነሮች አሉኝ፤ አንዱ መናኸሪያው በር ላይ፣ አንዱ ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ላይ!»

ይሄነው በባጃጅ ሄዶ በሩብ ሰዓት ተመለሰ። ሁለቱም የሉም። ገመዶቻቸው ተፈትተው፣ እንደ ባለሙያ ሴት ክር ተጠቅልለው ምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል።

ይህን እየነገረኝ ሌላ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ከኋላ ሁለት አዛውንቶች ተቀምጠዋል። እመቤት ብድግ ብላ ዕንባዋን ጠረገች። ሴትዮዋ አማቷ እማማ ካሳነሽ ናቸው፤ የልብ ሕመማቸው ተነስቶ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው መውጣታቸው ነው። አጠገባቸው ያሉት የባሏ አጎት ጋሽ ምህረቴ ናቸው፤ የሰፈሩ ፈረሰኞች አለቃ፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጀርባቸው ግን እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው። ጋሽ ምህረቴ ባዶውን ግድግዳ ሽቅብ አዩና «ተመስገን» አሉ።

ለእማማ ካሳነሽ መዳን መሰለኝ። እኔም «ተመስገን» አልኩ።

*

እመቤት የቡሬ ሴት ናት። አወቀ የሚባል የአገር ተወላጅ ንብ አንቢ አግብታ እንጅባራ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። እሱ ማሩን ያመጣል፣ እሷ በውሃ ፕላስቲክ እየሞላች ትሸጣለች። ማሩ ግሩም ነው፤ ስም ግን አልነበረውም። ዘንድሮ አንድ የነጋዴዎች ስልጠና ላይ «ስም የሌለው ዕቃ አባት እንደሌለው ልጅ ነው» ሲሉ ሰማችና እንቅልፍ አጣች። ከዚያም ዮዲትን ቀጠረች።

ዮዲት የዳንግላ ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ። ዲዛይን ተምራ ከጨረሰች በኋላ ሥራ አጥታ፣ እናቷ ቤት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ለማሩ ስም አወጣችለት፦ ቦራ ማር። ቦራ የአወቀ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፣ አገር ያውቀዋል። ለብልቃጡ ንብ የተሳለችበት ምልክት ሠራች፤ ከዚያም ሦስቱን ማስታወቂያዎች። ምረቃው ቅዳሜ ነው። አወቀም ቀፎ ሊቆርጥ ከወረደበት ቆላ ለምረቃው ይመጣል፤ እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ተራራ ሲወጣ ብቻ ነው።

«የወሰደችው እሷ ናት!» አለች እመቤት። «ማስታወቂያው ጥግ ላይ ስሟን ልትጽፍ ፈለገች። ‹የእኔ ሱቅ ነው ወይስ ያንቺ?› ብዬ አስጠፋኋት። አኩርፋ ሄደች። ዛሬ ንጋት ላይ ደግሞ እዚህ ደጃፍ ቆማ ታየች!»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን አልነገርኩም!» አለች። ስልኳን አየሁት፤ የነጋዴዎቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አንብቦታል።

*

ዮዲት ቢሮዬ ስትገባ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር። ከፈትኩት። ላፕቶፕ፣ ግማሽ ዳቦ፣ ካቻቪቴ።

«ካቻቪቴው ምን ይሠራል?»

«ማስታወቂያው ዘሞ ከሆነ ላስተካክለው ነው።» ቦርሳዋን መልሳ አቀፈች። «የመጀመሪያ ሥራዬ እኮ ነው ኢንስፔክተር። በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣሁት ፀሐይ ስትወጣበት ፎቶ ላነሳው ነበር። ስደርስ ግድግዳው ባዶ ነው። ፈርቼ ሄድኩ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

ስልኳን ሰጠችኝ። ከላይ በክብ ውስጥ የአወቀ ፎቶ አለ፤ በጥቁርና ነጭ፣ ኮስተር ያለ። ከታች ቦራ ሙሉ ጌጡን ለብሶ ቆሟል፤ ቀይ ዘርፍ አንገቱ ላይ፣ ብር የመሰለ ልጓም፣ ኮርቻው ላይ ደግሞ ጥቁር ካባ ተጥሎበታል። ከሥሩ «የማይረሳ ጣዕም» ይላል። እውነቴን ነው፣ ልቤን ነካኝ።

«ፈረሱ ያስቀናል» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እሱ ነው የገደለኝ። ጋሽ አወቀ ስለሌሉ ጎረቤታቸው ነው ለፎቶው የተቀመጠበት፤ ያውም የእንግሊዝ ኳስ ማልያ ለብሶ! ሰውየውን ከላዩ ለማጥፋት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮርቻውን ራሴ ነኝ የሳልኩት። ካባውንም።» ከዚያ ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ። «ትናንት ሁለት ሰዎች ሥራ ሊሰጡኝ ቃል ገብተው ነበር። አንዷ ዳቦ ቤት አላት፣ አንዱ የእንጨት ሥራ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ደውለው ‹ይቅር› አሉኝ። በዚህ ዞን አንዴ ሌባ ከተባልኩ ማን ደጁን ያሳየኛል? አክስቴ አዲስ አበባ የካፌ ሥራ አግኝታልኛለች። እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ላፕቶፑን ሸጬ እሄዳለሁ።»

«እስከ ቅዳሜ ከእንጅባራ አትውጪ» አልኳት። በሕግ ቋንቋ ትእዛዝ ነው። በልቤ ግን ልመና ነበር፤ ልጅቷን አምኛታለሁ።

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መሳፍንት ነው። ከእመቤት ሱቅ ማዶ ማር ይሸጣል፤ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ነው ሱቅ የከፈተው። ማስታወቂያው ሲሰቀል ጠጅ ቤት ውስጥ «ሳይነጋ እቦጭቀዋለሁ!» ብሎ መፎከሩን አራት ሰው ነገረኝ።

«ፎክሬያለሁ» አለ ሳያፍር። «ጠጅ ጠጥቶ ያልፎከረ ማን አለ? ረቡዕ ማታ ግን ግምጃ ቤት ከተማ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ክርስትና።»

«ማን አየህ?»

ስልኩን አወጣ። ቪዲዮው ላይ መሳፍንት ወገቡ ላይ የሴት ነጠላ አስሮ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ አንድ ቄስ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ይታያል። ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቧል። ሐሙስ ጠዋትም እዚያው ቁርስ ሲበላ አለ።

«ይሄ ለፖሊስ ብቻ ነው» አለ። «ሚስቴ እንዳታይ።»

የማስታወቂያውን ፎቶ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«የሚያናድደው እኮ ማማሩ ነው» አለና ተነፈሰ።

*

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ምህረቴ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ከከተማው ጫፍ፣ ከቀርከሃው አጥር በስተጀርባ ነው። ፈረሳቸውን በደረቅ ሣር እያሹ አገኘኋቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። የሞጣ ሰው ብርድ አይወድም፤ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ።»

«አባባ፣ ማስታወቂያው ሲሰቀል አይተውት ነበር?»

«በዚያ ሳልፍ አይቻለሁ።»

«እስቲ ይህ መሆኑን ያረጋግጡልኝ።» ስልኩን ወደሳቸው አዞርኩ። ጋሽ ምህረቴ እሳት እንደ ነካው ሰው ፊታቸውን መለሱ።

«ዓይኔ ደክሟል። አይታየኝም።»

ከአፍታ በኋላ የሜዳውን ማዶ በከዘራቸው አመለከቱኝ። «ያችን ባዝራ አየሻት? በግራ የኋላ እግሯ ታነክሳለች። ባለቤቷ ግን አላወቀም።»

ዓይኔን አፍጥጬ ባይ ባዝራዋ የባቄላ ፍሬ አክላ ነው የታየችኝ።

«አወቀ ስለ ስርቆቱ ሰምቷል?»

«ረቡዕ ቀትር ላይ ተራራ ወጥቶ ደውሎልኝ ነበር፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ከዚያ ወዲህ አይገኝም።» እጃቸው የፈረሱ አንገት ላይ ቆመ። «ያቺ የዳንግላ ልጅ... ታሰረች እንዴ?»

«እሷ አልታሰረችም። ስሟ ነው የታሰረው። ቅዳሜ ላፕቶፗን ሸጣ ልትሄድ ነው።»

አዛውንቱ የያዙትን ሣር ጣሉት። «ሌባው ይመልሰዋል» አሉ። «አትቸኩሉ።»

*

አርብ ይሄነውን ዳንግላ ላክሁት። ማስታወቂያዎቹ የታተሙበት ማተሚያ ቤት አንድ ናሙና ቀርቷል ተብሎ ነበር፤ እሱን እንዲያይ፣ ስለ ዮዲትም እንዲጠይቅ። ማታ ደውሎ «መብራት ጠፍቶ ማተሚያ ቤቱ ተዘግቷል፣ አድሬ ጠዋት እገባለሁ» አለኝ። የዳንግላ ጠጅ እንዳቆየው ብጠረጥርም አልተናገርኩም።

እኔ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገበያተኛውን ሳይ ዋልኩ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሁለት የገጠር ሴቶች ገቡና እመቤትን አገላብጠው ሳሟት። ማር አልጠየቁም። አንደኛዋ በሹክሹክታ «እናትየው አወቁ?» አለቻት።

«ኧረ አልነገርናቸውም» አለች እመቤት፣ «ልባቸው አይችለውም።»

«ደግ አደረጋችሁ» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ።

ለአንድ ማስታወቂያ ስርቆት ይህን ያህል ሐዘን! የአገሩ ሰው ደግነት ገረመኝ። ያም ሁለተኛው ስህተቴ ሆነ።

ወረቀት አወጣሁና ማስታወቂያዎቹ የጠፉባቸውን ሦስት ቦታዎች በነጥብ አስቀመጥኩ። የሆስፒታሉ መታጠፊያ፣ መናኸሪያው፣ ሱቁ። በመስመር ሳገናኛቸው ከሆስፒታል ወደ እመቤት ቤት የሚወስደው መንገድ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሱቁና ቤቱ አንድ ግቢ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት በዚያ መንገድ ያለፈችው ባጃጅ ትዝ አለችኝ። ግን ሦስት ማስታወቂያ ያወረደ ሰው ከአንዲት የታመሙ እናት ምን ይፈልጋል?

*

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እመቤት የካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ «ቦራ ማር» ብላ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች። ‹ማ› ትልቅ ነው፣ ‹ር› ቦታ አጥቶ ጥግ ላይ ተጨንቋል። ዮዲት ሻንጣዋን ይዛ ጣቢያ መጥታ በመስኮታችን ካርቶኑን ከሩቅ ስታየው ከስርቆቱ የበለጠ ያመማት ይመስላል።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ይሄነው ነው።

«ኢንስፔክተር» አለ፣ በማላውቀው የሐዘን ድምፅ። «ቆቤን አውልቄ ነው የማነጋግርዎት። አወቀ መቼ ነው የሞተው?»

«ምን አልክ?»

«ማተሚያ ቤት ውስጥ ናሙናው ፊት ቆሜያለሁ። የአወቀን ፈረስ እያየሁት ነው እኮ!»

«ይሄነው፣ እሱ የማር ማስታወቂያ ነው።»

«ማነው የሠራው?» አለ። «ኢንስፔክተር፣ እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ጌጡን ለብሶ፣ የሟች ካባ ባዶው ኮርቻ ላይ ተጥሎ፣ ለቅሶው ፊት ይመራል። ሰው ያልተቀመጠበት የተሸለመ ፈረስ በሌላ ቀን አይወጣም! ከላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከሥሩ ‹የማይረሳ›... ይሄ መርዶ ነው! ይህን መናኸሪያ በር ላይ ሰቀሉት?»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። መሰላል ያልቆመበት ሦስት ሜትር፤ ኮርቻ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የሚችል ፈረሰኛ መሰላል አያስፈልገውም። ባዝራ ከሩቅ የሚያዩ፣ ስልክ ግን የማይታያቸው ሰው። አወቀ በሕይወት እንዳለ በጆሮዬ የነገሩኝ ሰው። ባዶ ግድግዳ አይተው «ተመስገን» ያሉ ሰው።

«ዮዲት!» አልኩ። «ሻንጣሽን ተዪውና ተከተይኝ።»

*

ጋሽ ምህረቴ ሲያዩን አልተደነቁም። ወደ ጋጣው መሩን፤ ድርቆሹን በእጃቸው ገፈፉ። ሦስቱም አሉ፤ በንጹሕ ጋቢ ተጠቅልለው፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ።

«እሰሪኝ ልጄ» አሉኝ። «ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሳየው ከፈረሴ ወረድኩ። ቀትር ላይ ያናገርኩት ልጅ! ከዚያ ካሳነሽ ትዝ አለችኝ። በማግስቱ በዚያ መንገድ ነው የምትመጣው። አንድ ልጇ ነው። ያንን ብታይ ከባጃጁ የሚወርደው ሬሳዋ ነበር።»

«ለምን ለእመቤት አልነገሯትም?»

«እንዴት ብዬ? ብዙ ደክማበታለች፤ ደስ ብሏታል። ‹ባልሽን ቀብረሽዋል› ልበላት? በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይጠራም፤ ሟርት ነው። አወቀ ሲመጣ ለብቻው አሳይቼው በዘዴ እንዲያስቀይራት ነበር ያሰብኩት። ፖሊስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።» ወደ ዮዲት ዞሩ። «የሰው ልጅ ስም ይጠፋል ብዬማ ከቶ አላሰብኩም። ይቅር በይኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

ዮዲት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። «እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው አባባ። አላወቅኩም። ሰውየው ማልያ ለብሶ ስለነበር ነው የሰረዝኩት...»

«ማልያውን መተው ነበር» አሉ ጋሽ ምህረቴ። «አወቀም ያንኑ ቡድን ነው የሚደግፈው።»

እኔ ሳቅሁ፤ ዮዲትም በዕንባዋ መሃል ሳቀች። ሳቃችን ሳያልቅ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከቀርከሃው አጥር በላይ ብቅ ብለን አየን። ከአዲስ ቅዳም በኩል አርባ የሚሆኑ ፈረሰኞች ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዝግታ ወደ ከተማው ይመጣሉ። ከኋላቸው ሴቶች በእግር ይከተላሉ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ መናኸሪያው በር ላይ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ወሬውን ይዞ አገር ቤት ገብቷል። ለአወቀ ቢደውሉ አይነሳም። ለሚስቱ መርዶ በስልክ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ተጠራርተው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። የሚሄዱትም በቀጥታ እማማ ካሳነሽ ወዳሉበት ግቢ ነው።

«ካሳነሽ!» አሉ ጋሽ ምህረቴ። ኮርቻ ለመጫን ጊዜ አልነበራቸውም። በሰባ አራት ዓመታቸው ከመሬት ተነስተው ያለ ኮርቻ ፈረሱ ላይ ጉብ አሉ። ያን ቀን ያየሁትን ዝላይ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። በሜዳው እየጋለቡ፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ «አለ! አወቀ አለ! በሕይወት አለ!» እያሉ ሄዱ። እኔና ዮዲት ባጃጅ አስቁመን ተከተልናቸው።

ፈረሰኞቹ መናኸሪያው ፊት ቆመው ነበር። ጋሽ ምህረቴን ከበው ያዳምጧቸዋል፤ ግማሾቹ ሽማግሌው በሐዘን ሰክረዋል ብለው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። ያን ጊዜ ከቆላ የመጣ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ፣ አንድ አቧራ የለበሰ ሰውዬ በሁለት እጁ የማር ጀሪካን ይዞ ዱብ አለ።

አወቀ ነው።

አወቀ ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ዘመዱ፣ ሁሉም ጓደኛው።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ በድንጋጤ።

«አንተ!» አለው አንዱ።

አንድ ሽማግሌ ከፈረሳቸው ወርደው ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሪፖርት ቋንቋ መጻፍ አልችልም። ፈረሶቹ ዘለሉ፣ ሰዎቹ ፎከሩ፣ አወቀን ከነጀሪካኑ ተሸከሙት። ለለቅሶ የመጣው አጀብ ሠርግ ሆኖ ወደ እመቤት ሱቅ ገሰገሰ። እማማ ካሳነሽ እልልታውን ሰምተው በምርኩዝ ወጡ። «ማነው ያገባው?» አሉ። ልጃቸውን በፈረሰኞች ትከሻ ላይ ሲያዩ «እንዴ፣ ይሄማ ሚስት አለው!» ብለው አርባውን ሰው በሳቅ ገደሉት።

እመቤት ሁሉንም ስትሰማ በመጀመሪያ ነጣች። ከዚያ ባሏን አንቃ አቀፈችው። ቀጥላም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዮዲት ዘንድ ሄዳ ጉልበቷን ለመሳም ጎነበሰች፤ ልጅቷ ቀድማ አቀናቻት።

«ስምሽን በሦስት መቶ ሰው ፊት አጠፋሁት» አለች እመቤት። «እዚያው እመልሰዋለሁ።» ስልኳን አውጥታ እያነባች፣ እየሳቀች፣ ዕንባ እየቀደማት ጻፈች። አቤቱታዋንም በዚያችው ደቂቃ አነሳች፤ እኔም መዝገቡን ዘጋሁ።

ቦራን ከጋጣው ሲያመጡት ዮዲት የስልኳን ካሜራ ከፈተች። «ጋሽ አወቀ፣ ቦራ ላይ ይቀመጡልኝ። በእግዚአብሔር፣ እንዳይወርዱ!» አርባው ፈረሰኛ ከኋላው ተሰለፈ። አወቀ በሕይወት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ላይ ጥርሱ ታየ። ማሩ እስከ ቀትር አለቀ፤ ለለቅሶ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ዳቦ ቤት ያላት ሴት ቃሏን አደሰች። መሳፍንትም ማዶውን ተሻግሮ መጣና ጉሮሮውን ጠርጎ «ለኔም አንድ... ግን ያለ ፈረስ» አላት።

ሕዝቡ ሲሳሳ ጋሽ ምህረቴ ዮዲትን እጇን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ልጄ፣ ለኔም ሥሪልኝ» አሏት።

«ደስ እያለኝ አባባ! ሱቅ አለዎት?»

«ሱቅ የለኝም። የቀብሬን ነው።»

ዮዲት ደንግጣ አየቻቸው። ሽማግሌው ግን ፊታቸው በርቷል።

«ምን ያስደነግጥሻል? ፈረሱን በደንብ ትሠሪዋለሽ። ኮርቻውን ባዶ አድርጊው፤ ያኔ ልክ ይሆናል። ፎቶዬን ግን አሁን አንሺኝ። ሞቼ እንኳ ለለቅሶ የመጣ ሰው ዛሬ እንዳለሁት ያየኝ።»

ስልኳን አነሳች። ሦስት ጊዜ አነሳቻቸው። በሦስቱም ይስቃሉ።

«ለመቼ ይድረስልዎ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ኧረ ቀስ ብለሽ ሥሪው» አሉ ጋሽ ምህረቴ። «እኔም አልቸኮልኩም።»